ለከርሞ ያልነው ወለል

ጥሩዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፤

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። አፈሩ ይቅለልሽ እላለሁ፤ ግን የወረታን ከባድ ዋልካ አፈር አውቀዋለሁና ቃሉ አፌ ላይ ይከብደኛል። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ጠጅ ቤታችን ነው።

የሌላው ሰው ጠጅ ቤት አንድ ወለል አለው፤ የእኛ በአንድ ቆርቆሮ ሥር ሁለት ነበረው። መሠረቱን ስናወጣ፣ የሐይቅ ዳር ልጅ ነሽና፣ ወለሉ እስከ ጉልበት ካልተነሣ አልገባም አልሽ። እኔ የፋርጣ ሰው፣ ውኃ ቁልቁል ሲሮጥ እንጂ ሜዳ ላይ ተኝቶ ሲመጣ አላየሁም፤ ቢሆንም እሺ አልሁ። በፎገራ ድንጋይ ከየት ይመጣል? በአህያ ያስጫንነው ጋኖቹ የሚቀመጡበትን ጓዳ ሞላና አለቀ። ጠጪው የሚቀመጥበትን የፊተኛውን ክፍል ለከርሞ አልነው።

ከርሞ ሲመጣ ማር ተወደደ። በሌላው ከርሞ በሬያችን ሞተ። በሰው ፊት አንቱ ትይኝ ነበርና፣ “አንቱ የከርሞ ጥጃ!” ስትይኝ ቤቱ በሳቅ ይናጋ ነበር።

ከጓዳው ወደ ፊተኛው የምታወርደውን ደረጃ ግን ወደድሻት። እሷ ላይ ቆመሽ የማን ብርሌ እንደ ጎደለ፣ ማን በቃህ ሊባል እንደሚገባው ታይ ነበር። እኔም ከመደቡ ጫፍ ሆኜ አንቺን አያለሁ። ሥራውን ያዘገየሁት ለዚያች ደረጃ ስል ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ነሐሴ የርብ ወንዝ ሜዳውን ሞልቶ እኛ ድረስ መጣ። መደቡን እንደ ዳቦ አራሰው፤ የፊተኛው ግድግዳ ተንሸራቶ ወደቀ። ውኃው ከደረጃሽ ጫፍ ሲደርስ ቆመ። ከጋኖችሽ አንዱም አልረጠበም። ጎረቤቱ ልጁን እያዘለ መጥቶ ጓዳሽ ውስጥ ተጠለለ፤ ሁሉም ስምሽን እያነሣ መረቀሽ። ያን ምርቃት ጆሮሽ ሳይሰማው መቅረቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ከወንድምሽ ጋር ድንጋይ አስመጥተን ግድግዳውን አቆምን፤ የፊተኛውንም ወለል ከጓዳው ጋር አስተካከልን። ደረጃሽ ከድንጋዩ ሥር ተቀበረች። ያን ቀን እህል አልቀመስሁም።

ወለሉ ከፍ ሲል በሩ አጠረ። ወንድምሽ የበሩን ጉበን ለከርሞ ከፍ እናደርገዋለን ቢለኝ፣ ከርሞ የሚሉትን ነገር ከዚህ ቤት አታንሣብኝ አልሁት። ጉበኑ እንዳለ ይኖራል። ዳኛውም ይሁን የመኪና ሾፌሩ፣ ቤትሽ የሚገባ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ለምን እንደሆነ እነሱ አያውቁም።

አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ በሰው ፊት አንቱ ስትይኝ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ አንቱ አላልሁሽም። ከእንግዲህ ግን እስክከተልሽ ድረስ፣ በሩን በከፈትሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ፣ እንደምን አደሩ ብዬ እገባለሁ።

የእርስዎው የከርሞ ጥጃ