ከራዲያተሩ እግር ስር የነበረው እንጨት

ግርማዬ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ወዲህ የመጀመሪያው ብርድ ዳላስ ገባ። እናትህ ደህና ናቸው፤ ካፖርታቸውን ደርበው ሳሎን ይቀመጣሉ፤ መሞትህን አንዳንዴ ይረሱታል። እኔ ግን ውሃ አፍልቶ ቤቱን በእንፋሎት የሚያሞቀውን ያንተን አሮጌ ቦይለር አልቻልኩትም። መቼም ማንም የማይፈልገውን ቤት ከነእንፋሎቱ የመረጥከው አንተ ነህ።

ለኮስኩት። እንፋሎቱ መጣ፤ ቧንቧው ግን በመዶሻ እንደሚመቱት ይንኳኳል፤ እንፋሎቱ የሚገባበት የሳሎኑ ማሞቂያ ብረት፣ ራዲያተሩም፣ ግማሹ በድን ነው። ውሃውን በቦይለሩ መለኪያ መስታወት አየሁት፣ ልክ ነው። አየር ማስወጫውን በአዲስ ለወጥኩ፤ ምንም። ከከተማው ዳር፣ ከሮውሌት፣ የመጣው ጠጋኝ፣ የኛው አገር ልጅ፣ ዙሪያውን ዞሮ ዞሮ «እትዬ፣ ማለቴ፣ እኔ አየር የሚነፋውን ሴንትራል ኤር ነው ፊክስ የማደርገው። ይሄን ሪሙቭ እናድርገውና ይገላገሉ» አለኝ። ተናደድኩ፤ ሻይ እንኳ ሳላጠጣው ሸኘሁት።

ኋላ ስጠርግ ከራዲያተሩ የዳር እግሮች ስር አንተ ትሸጉጣቸው የነበሩትን የእንጨቶች አሻራ አየሁ። ለለቅሶህ የእድሩ ሰዎች ወንበር ሲደረድሩ፣ ሰው ያደናቅፋል ብለው አውጥተው ጥለዋቸዋል። ላንተ ክብር ብለው እኛን ለብርድ ሰጡን፤ ማንን ልውቀስ? እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን፣ ውስጡ ተኝቶ እንዳያንኳኳ ወደ ቧንቧው ተመልሶ እንዲወርድ ዳሩን ከፍ ታደርገው እንደነበር ያኔ ገባኝ።

እንጨት ቆርጬ አስገባሁ፤ ሳሳ። ሌላ ደረብኩ፤ በዛና መጋጠሚያው ማንጠባጠብ ጀመረ። ለካ ይህ አፈር በሙቀቱ ወራት እየተሰነጠቀ ቤቱን ስለሚያዘምመው፣ የየዓመቱን ልክ የምታገኘው በጆሮህ ኖሯል። ቧንቧው ሲንኳኳ ሰው እንደጠራህ «መጣሁ፣ መጣሁ!» እያልክ ትነሳ ነበር፤ እኔም ‘ለኔ እንዲህ ፈጥነህ ብትነሳ ምን ነበር’ እያልኩ እተርብህ ነበር። ጆሮህን ለማንም ሳታወርስ ሄድክ፤ በዚህ አዝኜብሃለሁ።

ዛሬ እናትህን ብርድ ልብስ እያለበስኳቸው ሳለ ቧንቧው ተንኳኳ። ቀና ብለው ወደ በሩ አዩ፤ ድምፅህን ጠበቁ። ጠብቀው ጠብቀው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምን ላድርግ? እንጨቴን ይዤ ተነሳሁና «መጣሁ፣ መጣሁ!» አልኩ።

አልተስተካከለም። እሳቸው ግን «ጎሽ» ብለው ጋደም አሉ።

ግርማዬ፣ ልኩን ባላውቀውም፣ እኔ እስካለሁ ድረስ ይህ ቤት ሲጠራህ መልስ አያጣም።

ባለቤትህ