የሚረሳ ሜሞሪ ለመረጡልን ኃላፊ

ለተከበሩ የግዢ ክፍል ኃላፊያችን፣

ጤናዎ፣ ወንበርዎና የቢሮዎ ቅዝቃዜ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት «በዲዛይን ስህተት» ከሥራ ያገዱኝ የክትባት ማቀዝቀዣዎች መሐንዲስ፣ ለመጻፍ ጊዜ ስለሰጡኝ ከልብ እያመሰገንኩ ይህን ደብዳቤ በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። በእጅዎ ልሰጥዎት አስቤ ነበር፤ የቀድሞዎቹ አራት ደብዳቤዎቼ መዝገብ ቤት ገብተው ድምፃቸው መጥፋቱን ሳስታውስ ግን በአምስተኛው ላስቸግርዎት አልፈለግኩም።

ውለታዎ ብዙ ስለሆነ በቁጥር ላስቀምጠው።

1. መብራት ሲጠፋ በማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ ውስጥ የምትቀረው ኃይል ለዓይን ጥቅሻ ያህል ናት። ማቀዝቀዣው ስንት ዲግሪ መጠበቅ እንዳለበት የሚያስታውስበት፣ እኔ የመረጥኩት ፍላሽ ሜሞሪ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ፈጣን ነበር፤ በዚያች ጥቅሻ ውስጥ የጀመረውን ጽፎ ይጨርሳል፣ ሙቀትም ይችላል። እርስዎ ግን በአርቆ አሳቢነትዎ «ይቺ ልጅ ትንሹን ምን አስመረጣት? አሥራ ስድስት እጥፍ የሚይዝ እያለ» ብለው ለአሻንጉሊት የሚሠራውን ገዙልን። ጎተራ ሲመረጥ ስፋቱ እንጂ የወለሉ ቀዳዳ እንደማይታይ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

2. የጥራት ሙከራዎም አይረሳኝም። የልጅዎን የሠርግ ቪዲዮ ገልብጠውበት ለኮሚቴው አሳዩ፤ ጥርት ብሎ ታየ። «ሙሽራዋን ያልረሳ የፍሪጅ ዲግሪ ይረሳል?» ሲሉ ኮሚቴው ሳቀ፤ እኔም ለሙሽራዋ ደስ አለኝ። ቪዲዮው እየተገለበጠ ሳለ ሶኬቱ ይነቀልና እንየው ብዬ ስለምንዎት «ልጄ፣ የሰው ሠርግ አይረበሽም» አሉኝ። ሙከራው በዚሁ ተጠናቀቀ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «እጅግ አስተማማኝ» ተባለ።

3. ከአራት ወር በኋላ የአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ደወለችልኝ። መብራቱ ጠፍቶ ሲመለስ ማቀዝቀዣው ስንት ዲግሪ መጠበቅ እንዳለበት ረስቶ ክትባቱን በሙሉ በረዶ አድርጎ አበላሽቶታል። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። «እህቴ፣ ለእነዚህ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። እርስዎ መልስ አላጡም፤ በዚያው ሳምንት «ጣቢያው ድረስ በአካል ሄጄ አረጋግጫለሁ፤ ጥፋቱ የመሐንዲሷ ነው» የሚል ሪፖርት ጻፉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባቶች፤ እዚህ ግን አህያውም ጫኙም እርስዎ ነዎትና ተረቱ ይጠብብዎታል።

4. አርባ ማቀዝቀዣዎች በዚያው ሜሞሪ ተገጣጥመው መጋዘን ውስጥ ወደ አርባ ጤና ጣቢያዎች የሚጫኑበትን ሰኞ ይጠብቃሉ። ጥፋቱን አምኜ ከፈረምኩ ወደ ሥራዬ እንደምመለስ፣ እነሱም በሰላም እንደሚጫኑ በጸሐፊዎ በኩል ነግረውኛል። ስለ ደግነትዎ አመሰግናለሁ፤ አልፈርምም። ሜሞሪያቸው እስኪቀየር አንዱም ከመጋዘን እንዳይወጣ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለአርባዎቹ ጤና ጣቢያዎች ልኬአለሁ፤ እነሱ ዘንድ መዝገብ ቤት ስለሌለ ይነበባል ብዬ አምናለሁ።

ትንሹን መርጣ ትልቁን ያስቀየመችዎት፣ ለእገዳዋ ባለውለታዎ የሆነች፣
የቀድሞ (እንደ እርስዎ አባባል) መሐንዲስዎ

ከፊርማዬ በታች የቀረች አንዲት ነገር፦ ቢሮዎ ውስጥ የውሃ ጠርሙስዎን የሚያቀዘቅዙበት ፍሪጅ የመጀመሪያው ናሙናችን ነው፤ ሜሞሪው እኔ የመረጥኩት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ዲግሪ አልረሳም፤ በሩ በተከፈተ ቁጥርም ሰዓቱን ይመዘግባል። በታገድኩበት ዕለት ጠዋት፣ እንደ ወትሮው እርስዎው ከፍተውልኝ፣ የወሩን መዝገብ ገልብጬ ነበር፤ ከዚህ ሥር ተያይዟል። ጣቢያው ድረስ ሄድኩ ባሉበት ቀን፣ ቁልፉ ከእርስዎ ኪስ በማይወጣው በዚያ ቢሮ፣ የፍሪጁ በር ዘጠኝ ጊዜ ተከፍቷል። እንዲያ ያለ ረጅም መንገድ የሄደ ሰው መጠማቱ አይቀርም።