መንገዱን የዘጋው ድንኳን

ነገሌ፣ ግንቦት 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የዶሎ ሙቀትስ እንዴት አደረገሽ? እኛ ተመስገን፣ አለን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። በስልክ ልነግርሽ የማልችለው ነገር ስላለ ይህን ደብዳቤ ለሹፌሩ ለጃልዴሳ ሰጠሁት።

ትምህርት ቤት በኮምፒውተር የከተማ ምስል እንድንሠራ ታዘን የኛን ሰፈር ሠራሁ። ከመናኸሪያው እስከ በራችን ግራሩም፣ የዛገው ቆርቆሮም አለበት። መንገዱ ላይ የወንድማችንን የአክሊልን የለቅሶ ድንኳን ተከልኩ። መምህር ኤርሚያስ ጥላና ብርሃኑን ወደዱት። “ድንኳኑ ግን መንገዱን ዘግቶታል፣ አንሳው። ሰውም የለበትም፤ ሰው የሌለበት ከተማ መቃብር ነው” አሉኝ። ወዲያው ደንገጥ ብለው ትከሻዬን ያዙኝ። የክፍሌ ልጅ ኢክራን፣ ሱቃቸውን ስላሳነስኩባት ተቀይማ፣ “ወላሂ፣ የናንተ ድንኳን በሦስት ቀን ይነሳ የለ? ያንተ እኮ ስምንት ወሩ ነው” አለችኝ።

አላነሳሁትም። ሰው ጨመርኩበት። አንቺንም ከእማዬ ጎን አስቀመጥኩሽ።

ቅዳሜ የመምህሩን ላፕቶፕ ተውሼ ለእማዬ አሳየኋት። የበራችን ቀለም ልክ አይደለም አለች። አጎታችንን ጋሽ ወንዶሰንን ስታገኝ፣ “ሆዱን ቀንሰህለታል” ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ጣቷን አንቺ ላይ አድርጋ ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ። ነገርኳት። “አውጣት። እሷ አልመጣችም። ወንድሟ መታመሙን ሰምታ ቀርታለች” አለች።

እህቴ፣ እማዬ ስልክሽን የማታነሳው ለዚህ ነው። አክሊል ያረፈ ዕለት ጋሽ ወንዶሰን፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው፣ “አክሊልን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ነይ በላት” ብለው ደውለው ሰጡኝ። አንቺ እየሳቅሽ ነበር ያነሳሽው። ገበያ ውስጥ ነበርሽ። እንኳን ደወልክ፣ የአክሊል ጫማ ቁጥሩ ስንት ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። አርባ አንድ አልኩሽ። ታሟል የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ዘጋሁት። ለጋሽ ወንዶሰን ነግሬያታለሁ አልኳቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሥራ ባልደረቦችሽ ሲያረዱሽ፣ ለምን ደበቁኝ ብለሽ አንቺ እኛን ተቀየምሽ። ቤቱ አንቺን ተቀየመ። እኔ መሀል ሆኜ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ግን ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ላፕቶፑን ራሷ ከደነችው። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ፍራሽሽን ግቢ አውጥታ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ምን ሊሆን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም።

ጃልዴሳ ሐሙስ ከዶሎ ይመለሳል። ጋቢናው ባዶ ነው ብሎኛል።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ፤ የወንድማችንን ነፍስ በገነት ያኑርልን።

የቀረሽ ወንድምሽ