አረንጓዴውን ዝም ብለው ይጫኑ

ሰኞ

እንደገና ኤረር! ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ የነካውን ነካሁ፣ የጻፈውን ጻፍኩ፤ እሱ ጋ አረንጓዴ መስመር ይወርዳል፣ እኔ ጋ ቀይ በቀይ። ሰውየው ከየት አገር እንደሆነ አላውቅም። ጢሙን አሳድጎ፣ ከኋላው አበባ አስቀምጦ፣ በየመሃሉ «በጣም ቀላል ነው» ይላል። ስሙን ቀላሉ ብዬዋለሁ። ኧረ ቀላሉ፣ እስቲ እንጅባራ ናና በዚህ ኔትወርክ ሞክረው! አንተ አፍህን ከፍተህ ቀጥ ስትል እኔ ደግሞ ፊትህን እያየሁ እጠብቅሃለሁ።

ነገሩ ለራሴም ግልጽ እንዲሆንልኝ ልጻፈው። ከአዲስ ቅዳም ወዲህ፣ አባቴ የተወለደበት ቀበሌ፣ አንድ የመስኖ ቦይ አለ። ገበሬዎቹ ከወንዙ የጠለፉትን ውሃ በተራ ይጠቀማሉ። ተራውን የሚያስጠብቁት የውሃ አባቱ አያ ዘለቀ ናቸው። ድሮ ማታ ማታ በየደጁ እየዞሩ «ነገ ውሃው ያንተ ነው» ይሉ ነበር። አምና ሄጄ፣ ለምኜ፣ አሳምኜ ፕሮግራም ሠራሁላቸው። ማታ ስልካቸው ላይ ሲያጸድቁ ለባለተራው መልእክት ይሄዳል። የመጀመሪያ ደንበኞቼ እነሱ ናቸው። አሁን መልእክቱን የሚያስተላልፍልን ድርጅት አሮጌውን ቨርዥን ከነገ በኋላ አልቀበልም አለ። አፕግሬድ ካላደረግኩ መልእክት የለም።

ዳንግላ ላለው ለምንይችል ደወልኩ። አብረን ነው የተማርነው፣ እሱም ለሱቆች ፕሮግራም ይሠራል። «እኔም ያንኑ ጢማም እያየሁ ነው፣ ምንም አልገባኝም» አለኝ። ተመስገን! የደነቆርኩት ብቻዬን አይደለም።

ማክሰኞ

ሠራ! እልል በሉልኝ!

ለምን እንደሠራ ግን አትጠይቁኝ። ከቪዲዮው ስር አስተያየት ከሰጡት መሃል አንዱ «ያቺን መስመር አጥፏት፣ አዲሱ ቨርዥን አያውቃትም» ብሎ ነበር። አጠፋኋት። ቀዩ ሁሉ ጠፋ። መስመሯ ምን ትሠራ እንደነበር አምና ሳውቅ አልቀርም፣ ዛሬ አላስታወስኩም። ራሴ ጽፌያት መርሳቴ ይገርመኛል።

አዲሱ መልኩ ግን ሌላ ሆኖ ቁጭ አለ። ድሮ የባለተራዎቹ ዝርዝር ፊት ለፊት ይመጣ ነበር። አሁን ጥግ ላይ ካለች ምልክት ጀርባ ገብቷል። ምልክቷ ለኔም በግድ ነው የምትታየኝ፣ ለአያ ዘለቀ ዓይንማ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ለሳቸው ቪዲዮ ቀዳሁላቸው። አስተማሪ ሆንኩ! ሦስት ጊዜ ተሳስቼ፣ አንዴ የጎረቤት ውሻ ገብቶበት፣ በመጨረሻ አሳመርኩት። «ዝርዝሩን መፈለግ አያስፈልግዎትም፤ አረንጓዴውን ዝም ብለው ይጫኑ» አልኳቸው።

ማታ ደወሉ። «ሰላም ስትይኝ መለስኩልሽ፣ አልሰማሽኝም መሰል» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ቪዲዮ አይሰማም እንዳልል ቀልዳቸው ይሁን የምራቸው አልለየሁም። አረንጓዴውን ተጭነዋል፣ መልእክቱ ሄዷል። ዛሬ እንቅልፍ አለኝ።

እሮብ

ጠዋት አጎቴ ሀብታሙ ደወለ፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፣ ማሳው እዚያው ቦይ ላይ ነው። «ሰናይት፣ ተባረኪ፣ ዛሬ ውሃው የኔ ነው ተባልኩ!» አለኝ። እንኳን ደስ አለህ አልኩት። እኔ ሞኟ ከሱ ጋር አብሬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማታ ደግሞ አያ ዘለቀ። ድምፃቸው ልክ አልነበረም። «ልጄ፣ ውሃው እኮ ከጅራት ተነሣ» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። የቦዩ ልማድ ከራስ ተነሥቶ ወደ ጅራት መውረድ ነው። አንዱ ሲጨርስ ከሱ ዝቅ ያለው ይከፍታል፣ ውሃው በረጠበው ቦይ ዝም ብሎ ይወርዳል። ዛሬ ተራው የእትዬ ፈንታነሽ ነበር፤ ከራስ ሦስተኛ ናቸው። አጎቴ ሀብታሙ ደግሞ የመጨረሻው ጅራት ነው።

ይስተካከላል አልኳቸው። በምን እንደሚስተካከል ግን እንጃ። ስሞቹን አየሁ፤ አንድም አልጎደለም። ስልኮቹን አየሁ፤ ልክ ናቸው። ቀላሉን እንደገና ከፈትኩት። ስለ ቦይ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሐሙስ

ዛሬ ውሃው ለለማ ሆነ። ለማ ደግሞ መሃል ላይ ነው! ከጅራት ወደ መሃል? ማነው እንዲህ ያለው? እኔ አላልኩም። ፕሮግራሙ አለ። ፕሮግራሙ ደግሞ የኔ ነው። ስለዚህ እኔ ነኝ ያልኩት? አእምሮዬ ዞረ።

እትዬ ፈንታነሽ ደወሉ። አምና ገበሬው ሁሉ «ስልክ ውሃ አያመጣም» ሲለኝ፣ ከመሃላቸው ተነሥተው መጀመሪያ ቁጥራቸውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያንን ማሳ ብቻቸውን ነው የሚይዙት፣ ዘንድሮ ሙሉውን ድንች አድርገውታል። «ስልኩን ከጉያዬ አላወጣሁትም፣ አልጮኸም። ድንቼ ፍሬ በሚይዝበት ሰዓት አናቱን ደፋ። ተራዬ ምን ሆነ?» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ የለም፣ ጥያቄ ብቻ። እኔን ይድፋኝ!

ለምንይችል ነገርኩት። «ምናልባት በዕጣ እያወጣ ይሆናል» አለ። ዕጣ? የምን ዕጣ? ይልቅ አንተ ሱቆችህን ጠብቅ አልኩት፤ ጮህኩበት መሰለኝ። ኋላ ይቅርታ ጻፍኩለት።

ለጊዜው አያ ዘለቀ በአፋቸው ተራውን ይመልሱት ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። አንዴ የተጠራ ተራ የውሃ አባቱ ብቻውን አይሽረውም፣ በቦዩ የሚጠቀመው ማኅበርተኛ ተሰብስቦ ካልሆነ። ዛሬ እሳቸው ለደግ ብለው ቢለውጡት፣ ነገ ሌላው ለክፉ ይለውጠዋል። የሚሰበሰቡት ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። እስከዚያ ድንቹ ምን ይሆናል?

ዓርብ

ሄድኩ። ሚኒባስ፣ ከዚያ ባጃጅ፣ ከዚያ በዲከረንሱ ዛፍ ጥላ በእግር። ከሰል የሚያከስሉ ስላሉ መንገዱ ሁሉ ጭስ ጭስ ይላል።

ዛሬ ተራው የመኮንን ነው። እሱ ደግሞ ወደ ታች፣ አጎቴ አጠገብ ማለት ይቻላል። ውሃው ቦዩን ይዞ ሲወርድ አየሁት። መሃል ላይ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የመጣውን ሁሉ ይጠጣዋል። መኮንን ማሳ የደረሰው የጣት ውፍረት ነው። ማንም አልጠቀመም፣ ይኸው ነው።

ከቦዩ ዳር ሰዎች ቆመዋል። እኔ እንጅባራ ከተማ ስላደግኩ አውኝኛ፣ ያባቴን አገር ቋንቋ፣ መስማት እሰማለሁ፣ መመለስ ነው የሚያቅተኝ። እነሱ ግን ጭራሽ የማልሰማ መስሏቸዋል። «ለአጎቷ ነው ያስቀደመችለት» ተባባሉ ሁለቱ። ጆሮዬ ጋለ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኳቸው። እውነቴን ነው፣ እኔም እኮ ለምን አጎቴ እንደቀደመ አላውቅም! «አላውቅም» ብል ማን ያምነኛል?

እትዬ ፈንታነሽ ማሳ ውስጥ ቆመው ነበር። ቅጠሉ ተንጠልጥሏል፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ሰላም ብለው ጉንጬን ሳሙኝ፤ ያ ባሰብኝ። አለቀስኩ።

አያ ዘለቀን ዝርዝሩን አላዩትም ወይ አልኳቸው። ስልካቸውን አውጥተው የኔን ቪዲዮ ከፈቱ። ድምፁን እስከ ጥግ ለቀቁት። «አረንጓዴውን ዝም ብለው ይጫኑ። በጣም ቀላል ነው!» እላለሁ እኔ፣ ጥርሴን ገልጬ። እንዲህ ማለቴን ፈጽሞ አላስታውስም ነበር። ቁርጥ ቀላሉን! «ያልሽኝን ነው ያደረግሁት ልጄ» አሉኝ። ድሮ ማታ ማታ ዝርዝሩን በጣታቸው እየተከተሉ ካላነበቡ አይጫኑም ነበር። እንዳያነቡ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ተገኘ!

ለእትዬ ፈንታነሽ ልደውልላቸው ስልኬን ከፈትኩ። የቦዩን ሰዎች ሁሉ ከፊታቸው «ቦይ» ብዬ ነው የመዘገብኳቸው፣ እንዳይጠፉብኝ። ቦይ ሀብታሙ። ቦይ ለማ። ቦይ መኮንን። ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ቦይ ፈንታነሽ። ሀ፣ ለ፣ መ… ፈ! ፕሮግራሙ ውሃውን በፊደል ተራ ነው የሚያጠጣው! ወይ ጉዴ!

ቁጭ ብዬ ሳስበው ሁሉም መጣ። አምና ስመዘግባቸው ከአያ ዘለቀ ጋር ከቦዩ ራስ ተነሥተን በእግር ወረድን። በየማሳው ቆመን ባለቤቱን ጻፍኩ። ማን ከማን በላይ እንደሆነ ለብቻው የጻፍኩበት ቦታ የለም፤ ለምን እጽፋለሁ፣ ሁሉም ሰው ያውቀዋል! ፕሮግራሙ ቦዩን የሚያውቀው በዚያ ቅደም ተከተል ብቻ ነበር። ያቺ ማክሰኞ ያጠፋኋት መስመር «እንደተመዘገቡት አቆያቸው» የምትል ነበረች። እሷ ስትጠፋ ስም አየ፣ በስም ደረደረ፣ ከ«ሀ» ጀመረ። ባይወቀስ ይሻላል፣ ያልነገርኩትን ከየት ያምጣ።

አዲሱ ቨርዥን ያችን መስመር የሚፈልጋት በሌላ አጻጻፍ ነው። ቀላሉ ስለዚህ ቪዲዮ የለውም። ምንይችል አንድ አገኘ፣ በማላውቀው ቋንቋ፤ የሰውየውን ጣት ብቻ እያየሁ ሠራሁት። ከምሳ በፊት ጀምሬ ጨርሼ ቀና ስል መሽቷል። ዝርዝሩንም ወደ ፊት መለስኩት፣ ፊደሉን አተለቅኩት፣ የየማሳውን ቁጥርም ከራስ እስከ ጅራት ጻፍኩበት። እትዬ ፈንታነሽ ሦስተኛ።

ነገር ግን ኮዱ ቢስተካከል ሰዉስ? ነገ እንዴት ብዬ ነው ፊደል ነው የምላቸው?

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰበሰቡ። አያ ዘለቀ ተናገሪ አሉኝ። በአማርኛ ጀመርኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በአውኝኛ ቀጠልኩ። ሰበርኩት ነው የሚባለው! ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ዓርብ ዕለት ያሙኝ ሁለቱ ግን አልሳቁም፤ እንደሰማኋቸው ገባቸው መሰለኝ፣ መሬት መሬት ያያሉ።

ስሞቹን ጠራሁ፤ ሀብታሙ፣ ለማ፣ መኮንን። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ወዲያው ገባው። አንድ ሽማግሌ ግን «ያጎትሽ ስም ፀጋዬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ትመጪ ነበር?» አሉኝ። ምን ልበል? እመጣ ነበር አልኩ። እንደምመጣ ግን እርግጠኛ ነበርኩ? ይህን ስጽፍም አላውቅም።

አጎቴ ሀብታሙ ተነሣ። አራት ቀን ሲታማ ሰንብቶ ፊቱ ጠቁሯል። «የጠጣሁት ይበቃኛል። በዚህ ዙር ውሃው ጅራት ሲደርስ አልከፍትም» አለ። ሄጄ አቀፍኩት። ማኅበርተኛው ተራውን ሻረና ከእትዬ ፈንታነሽ እንዲነሣ ወሰነ።

ስንበተን አያ ዘለቀ ጠጋ አሉኝ። «መልእክትሽ ይምጣ። ዝርዝሩንም አነባለሁ። ግን እንደ ድሮዬ በየደጁም እጠራለሁ» አሉ። እሺ አልኳቸው። ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ? እሳቸው ከጠሩ የኔ መልእክት ለምኑ ነው? ተሸነፍኩ ወይስ ተረፍኩ? እዚሁ አጎቴ ቤት አድራለሁ፣ ነገ በዓይኔ ልየው።

ሰኞ

ትናንት ማታ አያ ዘለቀ ዝርዝሩን በጣታቸው ተከትለው አነበቡ፣ አረንጓዴውን ተጫኑ፣ ከዚያ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። «ፈንታነሽ! ነገ ውሃው ያንቺ ነው!» ሲሉ እኔ ካለሁበት ይሰማል። መልእክቱ ግን አልደረሰም። ኔትወርኩ ጠፍቶ አደረ።

ጠዋት ውሃው መጣ። እትዬ ፈንታነሽ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ በዶማ የማሳውን አፍ ከፈቱለት። ወደ መጀመሪያው መስመር ገባ፣ ወደ ሁለተኛው፣ መሬቱ ሲጠጣ ድምፅ አለው። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ አንዱን ጥግ ለመክፈት ስታገል ሌላው ተናደብኝ። «አንቺ ተይው፣ ውሃውን አታስቸግሪው» አሉኝ እየሳቁ። ይተርፋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ቅጠሉን አየት አድርገው «ሥሩን ካገኘው እናየዋለን» አሉ።

ያኔ ጉያቸው ውስጥ ስልኩ ጮኸ። እጃቸው እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። «አውጪና አንቺው አንብቢልኝ» አሉኝ።

አወጣሁት። የኔው መልእክት ነበር፣ ሌሊቱን ሙሉ የት እንዳደረ እንጃ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ዛሬ ውሃው የእርስዎ ነው።»

«እሺ» አሉ ጎንበስ እንዳሉ። ለስልኩ ይሁን ለኔ አላውቅም።