የሌላኛው አስታ አበባ

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

የናሙናው ጸጉር አልተከፋፈለም። ሦስት ጊዜ አየሁት። መነጽሬን ወልውዬ እንደገና አየሁት። አልተከፋፈለም።

ዛሬውኑ ልጻፈው፤ ነገ ራሴን ማታለሌ አይቀርም። አስታ የሚባለው የተራራ ቁጥቋጦ በዓይን ሲታዩ አንድ የሚመስሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። የተለመደው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ለጋ ቅርንጫፉ ላይ የተከፋፈለ ጸጉር አለው፤ የአበባው ጫፍ አራት ቦታ ይከፈላል። የሌላኛው ጸጉር ቀጥ ያለ ነው፤ አበባው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ሦስት ቦታ ነው።

የጉና ተራራው ቀበሌ የዕፅዋት መሥሪያ ቤታችንን ጠይቆ ነበር። ገደሉ አፍ ላይ ያለው አስታ ከታችኛው ጋር አንድ ከሆነ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይቆረጥ፤ የተለየ ከሆነ ይቅር። "አንድ ናቸው" ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ከገደሉ አፍ ያመጣሁት ናሙና አበባ አልነበረውም። አበባ የሌለው ናሙና ወረቀት ላይ ሲለጠፍ ያስጠላል። ከታችኛው አንዲት አበባ ወስጄ አጠገቡ ለጠፍኩ። ከሳምንት በኋላ ያችኑ አበባ አይቼ "አራት" ብዬ ጻፍኩ። ምን ነክቶኝ ነው?

የሚቆረጠው ዓርብ ነው።

ረቡዕ 19

ለኃላፊዬ ነገርኩት። "እንደገና ሳየው ተጠራጠርኩ" አልኩ እንጂ ስለ አበባዋ ትንፍሽ አላልኩም። መቁረጡ እንዲቆም ለቀበሌው ደብዳቤ እንጻፍ አለ። ተተየበ። ማኅተሙን የያዘችው ጸሐፊ ስብሰባ ላይ ናት።

አያ ጥሩነህ ጋ ደወልኩ። የተራራው ጠባቂ ናቸው፤ ናሙናውን ስቆርጥም ይዘውኝ የወጡት እሳቸው ነበሩ። ስልካቸው አይሠራም። እንደገና ደወልኩ። አይሠራም።

ዛሬውኑ መሄድ ነበረብኝ። አፈርኩ። ባዶ እጄን ሄጄ ምን እላለሁ? ነገ ደብዳቤውን ይዤ እወጣለሁ። አንድ ቀን አለኝ።

ሐሙስ 20

አልነበረኝም።

ነገ ማርያም ናት! በማርያም ማን መጥረቢያ ያነሣል? ሥራውን ወደ ዛሬ አምጥተውታል። ክምር ድንጋይ ከተማ ከሚኒባስ ወርጄ ሽቅብ ስወጣ አህዮቹ እንጨቱን ተጭነው ሲወርዱ አገኘኋቸው። ዳር ይዤ አሳለፍኳቸው። ደብዳቤው በእጄ ነበር።

ላይ ያለው ጉቶ ብቻ ነው። አንድም አልተረፈም።

አያ ጥሩነህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አበባዋንም ጭምር። አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለኝ።

"አበባዋንማ በቀበሌው ስብሰባ ዕለት ናሙናው የተለጠፈበት ወረቀት ሲዞር አይቻት ነበር" አሉኝ። "እዚህ አበባ አልነበረ፣ ከየት አመጣችው አልኩ በልቤ። ኋላ ግን የተማረች ናት፣ የምታውቀው ቢኖር ነው ብዬ ዝም አልኩ፣ ልጄ።"

እያለቀስኩ ወረድኩ።

ዓርብ 21

የተለመደው አስታ ሲቆረጥ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ሌላኛውስ? መጽሐፍ አገላበጥኩ፣ እርግጡን አላገኘሁም። አያ ጥሩነህ ከብት እንዳይደርስበት ጉቶውን በእሾህ እንደሚያጥሩት ነግረውኛል። "እስከ ክረምት እንየው" ነው ያሉት።

ጠዋት ለኃላፊዬ ስለ አበባዋ ነገርኩት። ለቀበሌውም ስህተቱ የእኔ መሆኑን ጽፌ ፈረምኩ። ከፈረምኩ በኋላ ትንሽ ቀለል አለኝ።

አበባዋን በምላጭ አነሣኋት። ሙጫው ወረቀቱን ይዞት ተነሣ፣ ቦታው ተቀደደ። የዕፅዋቱ ስም የሚጻፍበትን መስመር ሰርዤ ባዶ ተውኩት። ስሙን አረጋግጦ ለመጻፍ የራሱ አበባ ያስፈልጋል።