የዋንዛህ ጭስ

ውድ ባሌ ኪሮስዬ፣ እንዴት ከረምክ? ሰኔ ሲገባ ከተለየኸኝ ዓመት ይሞላል። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ተናድጃለሁ። ዋንዛህ የለም። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

መስቀል ሲያልፍ እንደ ፈንዲሻ ፈንድቶ ግቢውን ነጭ ሲያደርገው መጥረጊያ አታስነካኝም ነበር። እንግዳው ሁሉ ደጇን የማትጠርግ ሴት እያለ ሲያማኝ፣ አንተ ግንዱን ተደግፈህ ንቦቹን ቀና ብለህ ታያለህ። እኔም አፌ ይነጫነጭ እንጂ ከሰቆጣ ገበያ ስመለስ ገና ከማዶ ነጭ ሆኖ ሲታየኝ ድካሜ ይለቀኝ ነበር።

ክረምቱ ይለፍ ተብሎ ተዝካርህ ጥቅምት ላይ ወጣ። ደብሩ ሁሉ ተጠራ፤ የሴፍቲኔቱ ስንዴ ሳይቀር ተፈጨ። ማገዶው ግን በዋዜማው አለቀ። ተራራው እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ መላጣ ነው። ታላቅ ወንድምህ መጥረቢያውን አንስቶ ወደ ዋንዛው ሄደ። አበባው ገና መፈንዳቱ ነበር። እጁን ይዤ ለመንኩት። በሰው ፊት፣ ለወንድሜ ነፍስ እንጨት ልትነፍጊው ነው ወይ አለኝ። እጁን ለቀቅሁት።

ንቦቹ እላዩ ላይ እንዳሉ ወደቀ። ሴቶቹ ቅርንጫፉን ከነአበባው ማገዱት። እርጥብ እንጨት ምኑ ይነዳል? ግቢው በጭስ ታፈነ። በቀብርህ ዕለት ዓይናቸው ያልረጠበ ዘመዶችህ ሁሉ በተዝካርህ ቀን እንባቸው እየወረደ በሉ፣ እያሳላቸው ጠጡ፣ ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ። ሸጋ ድግስ ነበር ተባለ። ግንዱን ወንድምህ ወስዶ በር አሠራበት። በሩ ያማረ ነው ይሉኛል፤ ሄጄ አላየሁትም። ንቦቹ ግን ባዶው ቦታ ላይ ሲዞሩ ሰነበቱ።

አሁን የቀረኝ ጓሮ የተከልከው ግራር ነው። የበልጉ ካፊያ ነክቶት ቢጫ አበባውን አውጥቷል፤ ሽታው መኝታዬ ድረስ ይገባል። ባለፈው እሑድ ወንድምህ መጥቶ ሽቅብ እያየው፣ ለሙት ዓመቱ እንኳ ማገዶ አይቸግረንም አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስለሚወድህ ነው። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሙት ዓመትህን አልደግስም። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ፍትሐት ይደረግልሃል፣ ጧፍና ዘቢብ ለደብሩ አደርሳለሁ፣ በቃ። አገሩ መቼም ያወራብኛል። ባሏን ዓመት ሳይሞላው ረሳችው ይሉኛል፤ ወንድምህም ደጄን ላይረግጥ ይችላል። ይበሉኝ። እስክሞት አልረሳህም፣ ኪሮስዬ፤ ሁለተኛ ግን አላነድህም።