«እርሳስ» ስል መጻፊያውን አላልሁም

ለተከበሩ የቤቶች ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በእርስዎ ፊርማ ለሚኖሩት ሕፃናትም እንዲሁ።

እኔ አዲሶቹ ቤቶችዎ በቆሙበት ግቢ፣ ቦታው የባትሪ ፋብሪካ በነበረበት ዘመን፣ በመዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝ። ለም እርሻ ከመቁረስ ይልቅ በአሮጌ ፋብሪካ ቦታ ላይ ቤት መሥራትዎን ከልቤ እደግፋለሁ። ለልጄም ከምድር ወለሉ ቤት ደርሷታል፤ በሚቀጥለው ወር ትገባለች። ቅሬታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ባለፈው ደብዳቤዬ፣ በግቢው ጥግ የተሰባበሩ ባትሪዎች የሚጣሉበት ጉድጓድ እንደ ነበረና አፈሩ ውስጥ እርሳስ እንዳለ አመልክቼ ነበር። በሦስት ቀን ስለ መለሱልኝ አመሰግናለሁ። ምላሽዎ «በቁፋሮ ወቅት የሚገኙ የጽሕፈት መሣሪያዎች ተለቅመው ለትምህርት ቤት ይሰጣሉ» ይላል። እኔ የጻፍሁት ስለ መርዛሙ ብረት ነው። የባትሪ ፋብሪካ ጉድጓድ ቆፍሮ መጻፊያ እንደማይቀብር ለማወቅ ከፍተኛ ትምህርት አያስፈልግም ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

፪. በሩ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ መሬቱ «ንፁህ» መሆኑ ተረጋግጧል ይላል። ንጹሕ የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ እና በሐመሩ ሐ ነው። ከሦስት ፊደል ሁለቱን ስታችኋል። መርማሪያችሁም አፈር የወሰደው ከዋናው በር አጠገብ፣ ድሮ የአበባ መደብ ከነበረበት ነው። አበባውን የተከልነው እኛ ነን፤ እሱስ እውነትም ንጹሕ ነበር።

፫. ጉድጓዱ ላይ የሠራችሁት የልጆች መጫወቻ ነው። ከልጄ በር ስምንት እርምጃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። የልጅ ልጄ አሥር ወሩ ነው፤ መዳህ ጀምሯል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይሰዳል። ባትሪ ይሰብር የነበረው ባልደረባችን አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ከአባቷ ልብስ በሚራገፈው አቧራ ተመርዛ ስሟን መጻፍ ሳትችል አደገች። እርሳስ መያዝ አቅቷት ነበር፤ አሁን መጻፊያውን ማለቴ ነው።

ስለዚህ ልጄ ቁልፉን ከመረከቧ በፊት የጉድጓዱ አፈር እንዲመረመርና እንዲነሣ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።

የመልስዎን ፍጥነት እንጂ ይዘቱን ማድነቅ ያልታደልሁት፣ ለወንበርዎ ያለኝ አክብሮት ግን ያልተጓደለብኝ፣

የቀድሞዋ መዝገብ ያዥ፣ የአሁኗ አያት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመጫወቻው የዘገንሁትን አንድ ብርጭቆ አፈር አብሬ ልኬያለሁ። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ድረስ ከምሳ ጠረጴዛዎ ላይ፣ ከሳህንዎ አጠገብ ያኑሩልኝ። አይስጉ፤ በእርስዎ አጻጻፍ «ንፁህ» ነው።